ስለ አስጨፋሪነት አጀማመር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ኳስ ተጫዋቾቻችን ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ሁለታችን ግን ከሜዳው ዳር ቆመው ስለሚጨፍሩት ደጋፊዎች፥ ይልቁንም እነርሱን ማሠልጠን እንዴት እንደሚጀመር ለመናገር አስበናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእኛም ቀላል መስሎን ነበር።

አውራጅና ተቀባይ ለወሎ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። በሠርግ ቤት አንዱ ያወርዳል፥ ሌላው ይቀበላል፤ በመንዙማም እንዲሁ ነው፤ አባቶቻችንም በሽለላና በቀረርቶ የሰውን ልብ ሲያነሣሡ ኖረዋል። ቺርሊዲንግ የሚባለው በስፖርት ሜዳ ደጋፊን በሥርዓት የመምራት ሥራ ግን የተወለደው በትምህርት ቤት ነው። በ1898 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ አገር የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተደጋግሞ ቢሸነፍ፥ ጆኒ ካምቤል የተባለ ተማሪ ከተመልካቹ ፊት ወጥቶ ጩኸቱን በአንድ ድምፅ መራው። በመጀመሪያ ሥራው የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1923 ነው። በ2021 ደግሞ የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለዚህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ማኅበር ሙሉ ዕውቅና ሰጥቶታል።

እኛም የስፖርት መምህራችን ጠርተው፥ «ደጋፊውን እናንተ አሠልጥኑ» ባሉን ጊዜ፥ ድምፃቸው ከሁሉ የሚበልጠውን ሃያ ልጆች መርጠን፥ አንድ ከበሮ ተውሰን ጀመርን። የመጀመሪያው ግጥሚያ ከጎረቤት ወረዳ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። የእንግዶቹ በረኛ አንድ ኳስ ባመለጠው ጊዜ የቀኝ እግሩ ጫማ አፉን ከፍቶ አየነው። ወዲያው ስለ ጫማው ግጥም አወረድን፤ ሃያውም ተቀበሉ፤ ሜዳው በሙሉ ሣቀ። ያን ቀን ቡድናችን አሸነፈ፤ እኛም ሥራችንን የፈጸምን መሰለን።

ጨዋታው ሲያበቃ በረኛው ከባሕር ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ አየነው። አጠገቡ ደግሞ የእኛ ቡድን ተከላካይ እናት ቆመው ነበር። ልጁ የእኅታቸው ልጅ ኖሯል። ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «ልጆቼ፥ ያን ጫማ ባለፈው ጥምቀት የገዛሁለት እኔ ነኝ» አሉን። ሌላ አልተናገሩም፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

በገና ጨዋታ ጌታ ቢሰደብ አይቆጣም ይባላልና፥ እኛም በዚህ ልማድ ልናመካኝ ሞክረን ነበር። ነገር ግን በገና ታናሹ ታላቁን ይዘልፋል፤ እኛ ብዙ ሆነን አንድ እንግዳ ዘለፍን። በቦረና፥ በወግዲ፥ በከላላ፥ በለጋምቦ፥ በሳይንትና በመቅደላ ሕዝቡ በጋብቻና በዝምድና የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በሜዳ የሰደብነውን ነገ በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት እናገኘዋለን። ስለዚህ ቡድኑን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርን። የተማርነውንም ከእኛ በኋላ ለሚጀምሩት እንነግራቸዋለን።

አንደኛ፥ ሲመርጡ ጯኺውን ሳይሆን በሰዓቱ የሚመጣውንና ዝም በሉ ሲባል ዝም የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛ፥ ግጥሙ አጭር ይሁን፤ ተቀባዩ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው፥ የራስን ቡድን የሚያበረታታ እንጂ የሌላውን የሚያዋርድ አይሁን። ሦስተኛ፥ ድምፅ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ይውጣ፤ የደጋችን ብርድ ጉሮሮ ይይዛልና ውኃ ይጠጣ፥ ከበሮና ጭብጨባም ድምፅን ያሳርፍ። አራተኛ፥ በውጭ አገር እንደሚደረገው ሰው በሰው ትከሻ ላይ ማቆም፥ ያንን ያስተማረ አሠልጣኝ፥ ወፍራም ፍራሽና ከታች ሆኖ የሚይዝ ሰው በሌለበት ከቶ አይሞከር።

አምስተኛውና ዋናው ይህ ነው። አስጨፋሪ ፊቱን ለደጋፊው፥ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆማል። ጨዋታውን አያይም፤ የሚያየው የሰውን ፊት ብቻ ነው። እኛ ግን ዘወር እያልን ኳሱን ስናይ፥ የእኒያን እናት ፊት ሳናይ ቀረን። ቢያጨበጭቡ ኖሮ፥ ማጨብጨባቸውን ባቆሙ ጊዜ በገባን ነበር። አሁን ሜዳውን የሚያይልን አንድ ጓደኛ አቁመናል። ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ከበሮው ዝም ይላል።

የአገራችንም ታሪክ ይህን ያስተምራል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፎ፥ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሲመሩ ተስፋ የማይቆርጥ ደጋፊ ለእንዲህ ያለው ቀን ያስፈልጋል። ልክ በ51 ዓመቱ፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ጠርሙስና ጥሩምባ ወደ ሜዳ ወረወሩ፥ ጨዋታውም ተቋረጠ። ቢሆንም ተጫዋቾቻችን በ10 ሰው ታግለው 1 ለ 1 ወጡ። በዚያ ሰዓት ቡድኑን የሚረዳው የተወረወረ ጠርሙስ ሳይሆን የደጋፊው ትዕግሥት ነበር።

በመጨረሻም ወላጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ከሃያዎቹ ልጆች ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሩቅ በእግራቸው ይመጣሉ። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅም ያበቃል፤ ወደ ቤታቸውም ተያይዘው እንዲሄዱ አድርገናል። እባካችሁ አታስቀሯቸው።

ያ በረኛ በሚቀጥለው ወር ከቡድኑ ጋር ወደ መካነ ሰላም ይመለሳል። የእንግዶቹ ቡድን ወደ ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚወርደው ግጥም የእንኳን ደኅና መጣችሁ ነው፤ ካጠናነውም ሰንብተናል። እናንተም መጥታችሁ እንድትቀበሉልን በትሕትና እንጠይቃለን።