አየር በትዕዛዝ ቢሠራ ምን እናዝዝ ነበር?

በግንቦት ወር ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ሒሳቡ ተነቦ ካለቀ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ጨዋታ ተነሥቶ ነበር። «አየሩ እንደ ልብስ በልክ የሚሰፋ ቢሆን ምን ዓይነት ታሰፊ ነበር?» የሚል ነው። ጨዋታው ወደ ክርክር ተለወጠና በረካው ሁሉ ቀዝቅዞ ተጠጣ። እኛ የሒሳቡን መዝገብ የምንይዘው ነገሩን ስናገላብጠው፣ ከሳቁ ሥር የማኅበራችንን ሣጥን የሚመለከት ቁም ነገር አገኘንበት። ዛሬ እሱን ይዘን ቀርበናል። መጨረሻ ላይ በድምፅ የምንወስነው ጉዳይ ስላለ እስከዚያው በትዕግሥት አድምጡን።

ሒሳብ የሚጀመረው በእጅ ካለው ነውና በመጀመሪያ ያለንን እንቁጠር። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ፣ ወራቶቻችን የሚለያዩት ከሙቀቱ ይልቅ በዝናቡ ነው። ሙቀቱን በዋናነት የሚወስነው ከፍታ ነው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። የቀድሞ ሰዎች ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ሙቀት የናፈቀው ሰው ወራት ይጠብቃል፤ እኛ ግን መኪና እንሳፈራለን። ከአዲስ አበባ አዳማ ስንሄድ 600 ሜትር ያህል ስለምንወርድ 4 ዲግሪ ገደማ ሙቀት በትራንስፖርት ዋጋ ገዛን ማለት ነው።

አየሯን መርጣ ያስለወጠች ሴትም አላጣንም። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ተራራ፣ ብርዱና ነፋሱ ጽኑ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሲሰነብቱ ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸውም ፈለጉ። በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት። በከፍታው ስሌት ከሄድን እቴጌይቱ ለመናገሻ ከተማው 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ጨመሩለት ማለት ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ ጋቢ ሳንደርብ የምንውልባቸው ቀናት ሁሉ የእርሳቸው ምርጫ አለባቸው።

አሁን ወደ እኛ ትዕዛዝ እንምጣ። ክርክሩን በአራት ወገን ከፍለን መዝግበነዋል።

አንደኛው የፀሐይ ወገን ነው። በርበሬ የሚያዘጋጁ፣ ልብስ የሚያጥቡና ሽንኩርት የሚነግዱ እህቶቻችን «ዓመቱን ሙሉ ጥቅምት ይሁንልን» አሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል። ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊመጣ ይችላል። ሽንኩርት በእርጥበት ይበሰብሳል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ከዋለ ጠረን ያመጣና እንደገና ይታጠባል፤ ሳሙናውም ጉልበቱም ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ክፍያው ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው የዝናብ ወገን ነው። በቆሎ እሸት የምትጠብሰው፣ ጥላና ቦቲ ጫማ የምትሸጠው፣ በጓሮዋ ጎመን የምታበቅለው እዚህ ተሰለፉ። የበቆሎዋ እህታችን «ሐምሌን ከሰረዛችሁ እኔንም ከመዝገቡ ሰርዙኝ» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷ ግን የምሯን ነበር። የዓመት የቤት ኪራይዋን ግማሽ የምታጠራቅመው በዚያው በጭቃው ወራት ነው።

ሦስተኛው የብርድ ወገን ነው። ሻይና ቡና የሚሸጡት፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው እህታችንም አብራ፣ ቅዝቃዜ አዘዙ። እርሷ የኖረችበት አገር ኩዌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚትሪባ በሚባል የኩዌት ስፍራ 53.9 ዲግሪ ተለክቷል። «ቀን ከደጅ ወጥተሽ መቆም የማትችይበት አገር ኖረሽ ካልተመለስሽ የአዲስ አበባን ብርድ ዋጋ አታውቂውም» አለችን። ያዘዘችውም «ማታ ጋቢ የሚያስደርብ፣ ቀን ጋቢ የሚያስወልቅ» አየር ነበር። ይህ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ያለ ምንም ትዕዛዝ የሚያመጡልን ነው። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ቀን ፀሐይ ያሞቀናል፤ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን የሚይዝለት ክዳን ያጣና ብርዱ ይጠናል።

አራተኛው የሙቀት ወገን ነው። እንጀራ የሚጋግሩ እህቶቻችንና ቁርጥማት ያለባቸው እናቶቻችን ናቸው። ሊጡ በብርድ ቶሎ አይቦካም፤ እንጀራው ለደንበኛ በሰዓቱ ሳይደርስ ይቀራል። ነገር ግን አንዲት እናታችን እዚያው መለሱላቸው፦ «ሙቀት የምትወዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ የወባ ትንኝም ትወደዋለች።» እውነታቸውን ነው። ብዙው ሕዝባችን ደጋና ወይና ደጋ ላይ እንዲሰፍር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ወባን መሸሽ ነበር። በጣም የሞቀ ሊጥም ቶሎ ይኮመጥጣል፤ እንጀራው ቶሎ ይሻግታል።

እንግዲህ የሒሳብ ሰው አንድ ዓምድ አይቶ አይፈርድም። ገቢ ያለው ሁሉ ወጪ አለው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያዘዙ እህቶቻችን የ2007 ዓ.ም. ክረምትን ያስታውሱ። በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ በብዙ ቦታ ስለከዳ፣ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነው ተቆጥረዋል። ሌላም አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶው ከ90 በላይ የሚመጣው ከውኃ ኃይል ነው። ዝናብን ከትዕዛዟ ያወጣችው ጋጋሪ እህታችን በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግር፣ ምጣዱን የሚያግለው ባለፈው ክረምት በግድብ የተጠራቀመው ዝናብ ነው። ዝናብ ብቻ ያዘዙትም ቢሆኑ በቆሏቸው ራሱ የሚደርሰው ፀሐይ ስታገኘው መሆኑን አይዘንጉ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ማንም አላሸነፈም። ለማኅበራችን የሚበጀውም ይኸው አለመስማማታችን ነው። እስቲ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰማይ የምንፈልግ ነጋዴዎች ብንሆን እናስብ። ሁላችንም በርበሬ ብንነግድ፣ ክረምት ሲገባ ሁላችንም ባንድ ላይ ገንዘብ ያጥረናል፤ ሁላችንም ብድር እንጠይቃለን፤ ሁላችንም ተመላሽ እናዘገያለን። ሣጥኑ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ይሆናል። አሁን ግን በርበሬዋ ሲታሰር በቆሎዋ ይሸጣል፤ በቆሎዋ ሲያልቅ በርበሬዋ ይሰጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በእኛ ሣጥን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የብድር ደንባችን ይህን አያውቅም። ደንቡ ለሁላችንም በየወሩ እኩል ተመላሽ ይጠይቃል። ለልብስ አጣቢዋ ነሐሴና ጥር አንድ ናቸው ይላል። አንድ ናቸው ወይ? በየዓመቱ መዘግየት የሚበዛው በክረምት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዘገየችው እህት ቅጣት ትከፍላለች፤ ቅጣቱን ለመክፈል ከጎረቤት ትበደራለች፤ አንዳንዷም አፍራ ከስብሰባ ትቀራለች። ከብሩ ይልቅ የሚከብደን የእህታችን መቅረት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ተበዳሪዋ ብድሩን ስትወስድ፣ ለሥራዋ የሚከፉትን ሦስት ወራት አስቀድማ ታስመዝግብ። በእነዚያ ወራት አነስ ያለ፣ በቀሩት ዘጠኝ ወራት ከፍ ያለ ትክፈል። በምሳሌ እንየው። ዋናው ብድር 12,000 ብር ቢሆን ዛሬ በየወሩ 1,000 ብር ይመለሳል። በአዲሱ አሠራር በሦስቱ ክፉ ወራት 400 ብር፣ በዘጠኙ ወራት 1,200 ብር ይሆናል። ሦስት ጊዜ 400፣ 1,200 ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ 1,200፣ 10,800 ነው፤ ሲደመር 12,000 ብር። ከማኅበሩ አንዲት ሳንቲም አልጎደለም።

«እኩል ካልከፈልን እኩል አይደለንም» ያሉ እናቶች አሉ። ስጋታቸውን እናከብራለን፤ የማኅበራችን መሠረት እኩልነት ነውና። ነገር ግን ሁሉም የተበደረችውን ሙሉ በሙሉ በ12 ወር ትመልሳለች። የሚለያየው ከወሩ የሚደርሰው ድርሻ ብቻ ነው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሚሰላ፣ ክፉ ወሮቿ በመጀመሪያ የሚውሉባት ትንሽ ከፍ ያለ ወለድ ትከፍላለች፤ በመጨረሻ የሚውሉላት ትንሽ ይቀንስላታል። ይህን ከአሁኑ በግልጽ መናገር ይገባናል።

ልጓምም ያስፈልገዋል። ክፉ ወር ከሦስት አይበልጥም፤ ከተመዘገበ በኋላም አይለወጥም። ሐምሌና ነሐሴን የመረጡ ሰዎች ከበዙ፣ በእነዚያ ወራት የሚሰጠው አዲስ ብድር ይቀንሳል። መስከረምን ግን ማንም እንዳትመርጠው እንጠይቃለን። ሐምሌ እንደ ሥራችን ይለያየናል፤ መስከረም ግን በበዓሉ፣ በደብተሩና በዩኒፎርሙ ሁላችንንም አንድ ላይ ይይዘናል። ሁላችንም ከቀነስንበት ሣጥኑ አይችለውም። ለእርሱ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባሉት ዘጠኝ ወራት እያንዳንዳችን 50 ብር ለብቻ ብናስቀምጥ፣ ነሐሴ ላይ 450 ብር በእጃችን ይገኛል።

ከአሁን በኋላ ለእናንተ የቀረው ሥራ አጭር ነው። ከጸሐፊያችን ወረቀት ትወስዳላችሁ። በመጀመሪያው መስመር ሥራችሁን፣ በሁለተኛው የሚከፉባችሁን ሦስት ወራት ትጽፋላችሁ። መጻፍ የማይሆንላችሁ እናቶች በቃል ንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን። ወረቀቱ እስከ ሰኔ 15 ተሰብስቦ ካለቀ፣ ሰኔ 30 ሒሳባችንን ስንዘጋ ማን በየትኛው ወር እንደምትጠብ አንድ ሰሌዳ ላይ እናያለን። ክረምቱ ሳይጠናም ደንቡን እናሻሽላለን።

እንግዲህ ክርክሩ ክፍት ነው። የምትቃወሙ እህቶች ቀድማችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ምክንያታችሁን ሰምተን ድምፅ እንሰጣለን።