ሚኒስትሮች ከመሰብሰባቸው በፊት



በጁባ ከተማ አማራት በሚባለው ሰፈር የሚነግድ ሰውም ሆነ በደብረ ማርቆስ የሚያስተምር መምህር፣ «የአፍሪካ ሚኒስትሮች ወሰኑ» የሚለውን ወሬ የሚሰማው በሬዲዮ ነው። ሚኒስትሮቹ አንድ ቀን ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ በዚያው ቀን የቈረጡት ጉዳይ ይመስለዋል። በትምህርት ቤትም የሚነገረው ይኸው ነው። ነገር ግን የውሳኔው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስትሮቹ አዲስ አበባ ከመድረሳቸው በፊት ተጽፎ ያለቀ ነው።

በ1955 ዓ.ም. እንዲህ አልነበረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በግንቦት ወር በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ በአቶ ከተማ ይፍሩ ሰብሳቢነት ቢነጋገሩም፣ በቻርተሩ ላይ ሳይስማሙ ነገሩን ለመሪዎቹ አስተላለፉት። ቻርተሩ ግንቦት 17 ቀን የተፈረመው መሪዎቹ ራሳቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጨረሱት በኋላ ነው። ዘወትር በአንድ ከተማ ተቀምጦ ጉዳይን አስቀድሞ የሚያበስል አካል አልነበረምና።

ሐምሌ 4 ቀን 1992 ዓ.ም. በሎሜ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ ግን በ21ኛው አንቀጽ የቋሚ ተወካዮችን ኮሚቴ አቆመ። አባላቱ መንግሥታት ወደ ኅብረቱ የላኳቸው አምባሳደሮች ናቸው፤ ተግባራቸውም የሥራ አስፈጻሚውን ምክር ቤት፣ ማለት የሚኒስትሮቹን ጉባኤ፣ ሥራ ማዘጋጀት ነው። ንኡሳን ኮሚቴዎችንም ለማቋቋም ይችላሉ።

ሥራው አድካሚ ነው። ኮሚሽኑ ረቂቅ ያቀርባል፤ አምባሳደሩ ወደ አገሩ ጽፎ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። «ያደርጋሉ» ይባል ወይስ «ቢያደርጉ መልካም ነው» በሚለው ላይ ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ሰዋስው የሚያስተምር ሰው ይህን ክርክር አይንቀውም፤ አንዱ ቃል ግዴታ ነው፣ ሁለተኛው ምክር ነው። ቅንፉ ሲነሣ ጉዳዩ በሐሳብ ጥቆማ መልክ ወደ ሚኒስትሮቹ ይሄዳል፤ ለእነርሱ የሚቀረው አምባሳደሮቹ ሊፈቱት ያልቻሉት ቋጠሮ ነው። በብራስልስ የአውሮፓ ኅብረት አምባሳደሮች ልማድ ከዚህም ይቀጥላል፤ እነርሱ የተስማሙበት ጉዳይ ለብቻው ተመድቦ በሚኒስትሮቹ ፊት ያለ ክርክር ያልፋል።

አስጊው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሚኒስትር ለመንግሥቱና ለሕዝቡ መልስ ይሰጣል፤ ረቂቁን የጻፈው አምባሳደር ግን ስሙ አይታወቅም። በንኡስ ኮሚቴ ባዶ ወንበር ያለው አገር፣ ሌሎች በጻፉት ቃል ይታሰራል። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ በዚያው ወር 54ኛ አባል ስትሆን፣ እንደ ማንኛውም አዲስ መንግሥት፣ ይህን ሁሉ ስብሰባ የሚከታተሉ የሠለጠኑ ሰዎች ያስፈልጓት ነበር። ሰው የሚሠለጥነው ደግሞ በትምህርት ቤት ነው፤ ያውም በብዙ ዓመት።

ይሁን እንጂ ጥሩ ዝግጅት ብቻውን አይበቃም። ፕሬዚዳንት ካጋሜ በጥር 2009 ዓ.ም. ለመሪዎቹ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ጉባኤው ከ1,500 በላይ ውሳኔዎች ማሳለፉን፣ ስንቶቹ እንደ ተፈጸሙ ለማወቅ ግን ቀላል መንገድ አለመኖሩን ገልጸዋል። ጥር 21 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጸደቀው የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ለዚህ ምስክር ነው። በሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ሲገባ፣ እስከ 2015 ዓ.ም. ያጸደቁት 4 ብቻ ነበሩ። የአምባሳደሮቹ ሥልጣን ከአዳራሹ አያልፍም፤ ማጽደቅ የየአገሩ ሥራ ነው። የአማራቱ ነጋዴም ውሳኔውን በሬዲዮ ከሰማ ከዓመታት በኋላ፣ በድንበር ላይ ወረቀቱን ይዞ ተራውን ይጠብቅ ነበር።