ልጃችን የማን ልጅ ነው?

(በማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ ስም እንድንናገር ተጠይቀናል።

እኛ ታክሲ ነጂዎች ስማችን ተለጥፎ የምንውል ሰዎች ነን። ከአየር ማረፊያ ያነሣነው መንገደኛ ገና ሳይደላደል ያነበዋል፤ ሊጠራን ሲፈልግ ግን የሚጠራው አያታችንን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በዚሁ በአትላንታ ኦሊምፒክ ኃይሌ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ በማራቶን ወርቅ ሲያገኙ፣ ለፈረንጅ ጋዜጦች ያሸነፉት ገብረ ሥላሴና ሮባ ነበሩ። ልጆች ሮጡ፣ አባቶች ተሸለሙ። ያኔ አገር ቤት ሆነን ስቀናል።

እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ልጅ አገር ቤት ስለተወለደ የመጨረሻ ስሙ የአያቱ ነው። ሁለተኛዋ አትላንታ ስትወለድ በወረቀታችን ላይ መጨረሻ የሰፈረው የቅድመ አያቷ ስም ተሰጣት። እናታቸው በራሷ አያት ትጠራለች። አራት ሰዎች፣ ሦስት የቤተሰብ ስም! አንድ ቀን ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ ትኩሳት ያዘውና እናቱ ልትወስደው ብትሄድ ስማችሁ አይገናኝም ተባለች። እኛ ሥራ አቋርጠን የልደት ወረቀቱን ይዘን እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተኝቶ ቆየ። መኪና ውስጥ ሲገባ «አባዬ፣ እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለን።

በአገራችን ይህ ጥያቄ አይነሣም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የምንጠራው በራሳችን ስም ነበር፤ የስልክ ማውጫውም የሚደረደረው በዚያው ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ቢልም ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ያገባች ሴት ስሟን ትይዛለች የሚለው ግን የቆየውን ልማድ ያጸና ነው። ስማችን የሚናገረው የወላጆቻችንን ታሪክ ነው። ካሣ ወይም ምትኩ የተባለ ሰው ስናገኝ ከእርሱ በፊት የሞተ ሕፃን ሊኖር እንደሚችል እናስባለን። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የምትቀበለው የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው፤ ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡት በክርስትና ስማቸው በኃይለ ሥላሴ ነው።

አንድ ቡልጋሪያዊ መንገደኛ እንዳጫወተን እነርሱ ሦስቱንም ይይዛሉ፦ የራስ፣ የአባትና የቤተሰብ። አባቱ ኢቫን የሆነ ወንድ በመካከል ኢቫኖቭ፣ ሴቷ ኢቫኖቫ ትባላለች። የቤተሰቡም ስም ለሴት መጨረሻው ስለሚለወጥ እኅትና ወንድም አሜሪካ ሲገቡ ዘመድ አይመስሉም። ከ1984 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥታቸው የቱርክ ተወላጆችን ስም በግድ አስለውጧል፤ የሚመለስበት ሕግ የወጣው በ1990 ነው። እኛን ያስለወጠን አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ እርሱንም ሳናነብ ፈርመናል።

ስለዚህ ቅጹ ላይ አስቡበት። በዚህ በጆርጂያ በ2017 እ.ኤ.አ. ወላጆች ለልጃቸው የሁለቱም ያልሆነ የመጨረሻ ስም በማውጣታቸው የልደት ወረቀት ተከልክለው ነበር፤ የተሰጣቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። የአባትን የራሱን ስም ለልጁ መጨረሻ ማድረግ የሚፈልግም ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ይጠይቅ። ዜግነት የሚያመለክት ሰው በዚያው ማመልከቻ፣ ተጨማሪ ሳይከፍል፣ ስሙን ለማስተካከል መጠየቅ ይችላል።

እኛ በዚህ መንገድ የአባታችንን ስም መጨረሻ አደረግን፤ ከልጃችን ጋር ተገናኘን። ለትንሿ ግን ለካውንቲው ፍርድ ቤት ማመልከትና በጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ሳምንት ማሳወጅ አስፈልጎናል። እናታቸው የአባቷን ወገን ስም አልተውም አለች፤ እኛም አልጠየቅናትም። የልደት ወረቀቶቹን ቅጂ በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች።

የሞላናቸውን ቅጾች ቅጂ ይዘን መጥተናል። ማየት የሚፈልግ ከምሳ በኋላ ቡናው ከሚፈላበት ጠረጴዛ አጠገብ ያገኘናል።