እህልን በአፈር ውስጥ ካለ መርዛም ብረት ስለ መጠበቅ



ከዚህ ቀደም ባደረግናቸው ንግግሮች ስለ ዝንብ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ውሃንም አፍልቶ ስለ መጠጣት ተነጋግረናል። ያን ጊዜ ሁሉ የምንላችሁ እሳት ያለበት ቤት ብዙ በሽታ ያሸንፋል እያልን ነበር። የዛሬው ነገር ግን ለእሳት አይበገርም። ከባድ ብረታ ብረት የሚባሉት፣ ማለት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እነዚህን የመሰሉት፣ ሕይወት የላቸውምና በመፍላት አይሞቱም፤ አይበሰብሱም፤ በምጣድም ላይ ተቃጥለው አይጠፉም። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ስለዚህ መከላከያው እንጀራው ከመጋገሩ፣ እንዲያውም እህሉ ከመዘራቱ በፊት መጀመር አለበት።

ይህን ሰምታችሁ ጎተራችሁን በጥርጣሬ እንድታዩት አንፈልግም። አብዛኛው የገጠር መሬት ከዚህ ችግር የራቀ ነው። ነገሩ በይበልጥ የሚነካው ከፋብሪካ በታች ከሚወርድ ወንዝ መስኖ የሚጠልፈውን፣ ማዕድን ከሚቆፈርበት ግርጌ የሚያርሰውን፣ ወይም የመኪና ባትሪ ተሰብሮ እርሳስ በሚቀልጥበትና የከተማ ቆሻሻ በሚደፋበት አጠገብ የሚዘራውን ቤተ ሰብ ነው። በአገራችንም ይህ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ታች በሚፈሰው በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ መሬቶችና አትክልቶች ሲመረመሩ እነዚህ ብረቶች ተገኝተዋል፤ በሞጆም በኩል ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም የታወቀ ነው።

ጉዳቱ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ በጃፓን አገር የሆነውን መስማት ይበቃል። ቶያማ በሚባለው አውራጃ ጂንዙ የሚባል ወንዝ አለ። ከወንዙ በላይ በካሚዮካ ዚንክና እርሳስ ይቆፈር ነበር፤ የማዕድኑም እጣቢ ካድሚየም ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ገበሬዎቹ ደግሞ ያንኑ ውሃ ወደ ሩዝ ማሳቸው ይመሩታል። ሩዙ ደኅና ሩዝ ነበር የሚመስለው፤ መልኩም ጣዕሙም አልተለወጠም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የመንደሩ ሴቶች፣ ይልቁንም ብዙ ልጅ የወለዱትና በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ አጥንታቸው እየሳሳ ሄዶ ሳል እንኳ የሚሰብራቸው ሆኑ። ከሥቃያቸው ብዛት የሚጮኹትን ጩኸት ሕዝቡ የበሽታው ስም አደረገው፤ «ኢታይ ኢታይ» ማለት በቋንቋቸው «አመመኝ አመመኝ» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት የበሽታው ምክንያት ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1968 ነው። የተበላሸውን አፈር የማደሱ ሥራ ግን የተፈጸመው በ2012 ነው። ከ860 ሔክታር የሚበልጥ መሬት ነበርና።

ለምን ሴቶቹን መረጠ ብትሉ፣ ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ ከዚያም ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ደም ያነሳት ሴት አንጀቷ ብረት ሲፈልግ ካድሚየሙንም አብልጦ ይስባል። (እዚህ ላይ ብረት ያልነው ደም የሚሆነውን መልካሙን ብረት ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ ከመርዛሞቹ ጋር አይቆጠርም።) ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የብረት እንክብል ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ አንዱን ጥሎ አንዱን ማንሣት የለም። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

እንግዲህ መርዙ ወደ መሶባችን የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሥር በኩል ነው። ካድሚየም ዚንክን ስለሚመስል ተክሉ ሳይለየው ያስገባዋል፤ ከሥር ወደ አገዳ፣ ከአገዳ ወደ ፍሬ ይወጣል። ፍሬው ውስጥ ከገባ ወዲያ ማጠብ አያስወጣውም። ሁለተኛው በአቧራ በኩል ነው። እርሳስና ክሮሚየም በሥር በኩል እስከ ፍሬ እምብዛም አይደርሱም፤ ነገር ግን አፈሩ ራሱ እህሉ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ጤፍ በተለይ! ፍሬው ደቃቅ ነው፤ መሬት ላይ በበሬ ይወቃል፤ አፈሩም አብሮት ወደ ቤት ይገባል። ጤፍ ብረት ይበዛበታል ሲባል የምትሰሙት እንኳ፣ ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተገኘ መሆኑ በምርመራ ታውቋል።

በሥር በኩል ያለውን መንገድ ለማጥበብ ተክሉን የሚረዳው አፈሩ ነው። አፈሩ ብረቱን አጥብቆ ከያዘው ሥሩ አያገኘውም። አፈር ኮምጣጣ፣ በባለሙያ አነጋገር አሲዳማ ሲሆን ግን የያዘውን ይለቃል። በጎጃምና በወለጋ ያለው ቀይ አፈር ብዙው እንዲህ ነው። ለዚህ ኖራ መድኃኒቱ ነው። ልሞ የተፈጨ የእርሻ ኖራ ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ሰብሉ ይሻሻላል፤ ካድሚየም ካለም ይታሰራል። ልኩን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው፤ በግምት አይበተንም። ደግሞም ጀሶ ኖራ አይደለም፤ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ገበያ ላይ ሲያሳስቱ እናያለን፤ ጀሶ ኮምጣጣነትን አያበርድም።

በአቃቂና በሞጆ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ግን በአብዛኛው አሲዳማ ስላልሆነ፣ ኖራ ቢገዙለት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ ዋናው ነገር ውሃው ነው። በበጋ በፋብሪካ ውሃ ከማልማት በክረምት ዝናብ ብቻ መዝራት ይሻላል። ይህን ስንል የበጋው አትክልት የልጆች ልብስና ደብተር መግዣ መሆኑን ዘንግተን አይደለም። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ መርዙን የሚሰበስቡት ቅጠላ ቅጠሎች፣ እነ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። በተጠረጠረ መሬት ላይ ከእነዚህ ይልቅ በቆሎ ይዝሩ፤ በቆሎ ወደ ፍሬው የሚያሳልፈው ካድሚየም ጥቂት ነው። ስንዴ ከተዘራም፣ ለፓስታ የሚሆነው ጠንካራ ስንዴ ለዳቦ ከሚሆነው አብልጦ ካድሚየም ስለሚይዝ የዳቦው ይመረጣል። ሩዝ ሌላ ነው፤ ውሃ ሲተኛበት ካድሚየሙ ይታሰራል፣ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ግን ይፈታል፤ በዚህ ላይ ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል።

በማንኛውም አፈር ላይ የሚረዳው በደንብ የበሰለ ፍግና ብስባሽ ነው፤ ብረቱን ይዞ ያስቀራል። ዚንክ ለጎደለው መሬትም ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ ሲሰጠው ተክሉ የሚፈልገውን ስለሚያገኝ ካድሚየሙን ብዙ አይስብም። ከከተማ የቆሻሻ መጣያ በነፃ የሚታደለውን ጥቁር አፈር ግን፣ ምን ቢያምር፣ ወደ ማሳችሁ አታስገቡ።

ጭዱንም አስቡበት። በስንዴ ካድሚየሙ ከፍሬው ይልቅ በአገዳውና በቅጠሉ ይበዛል። ከእንዲህ ያለ መሬት የመጣውን ጭድ ለከብት ከመስጠት ለቤት ጭቃ ማቡኪያ ማዋል ይሻላል፤ ከብቶች እንደ ሰው ሁሉ በኩላሊታቸውና በጉበታቸው ያከማቹታልና።

አሁን ወደ እናቶች እጅ ሥራ እንምጣ። በአቧራ የሚመጣውን መርዝ የሚያስቀረው የእናንተ ጥንቃቄ ነው። አውድማው በእበት በደንብ ይለቅለቅ፤ ሸራ ወይም ላስቲክ ከተገኘ ከዚያ በላይ ይወቃ። እህል ሲበጠር ሕፃናት ከነፋሱ በታች አይቁሙ። ጤፍ አቧራውን ብቻ በሚያሳልፍ በደቃቅ ወንፊት ደጋግሞ ይነፋ፤ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ በንጹሕ ውሃ ታጥበው በሰሌን ላይ ይድረቁ እንጂ መሬት ላይ አይሰጡ።

የምድጃ አመድ ኮምጣጣ አፈርን ስለሚያበርድ ለጓሮ መልካም ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ እንጨት የነደደበት አመድ መሆን አለበት። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ጎማና የባትሪ ድንጋይ የተቃጠለበት አመድ መርዝ ነው። የባትሪ ድንጋይ ወደ ፍግ ጉድጓድ ሲጣልና ልጆች ሰብረው ጥቁሩን ዱቄት ሲጫወቱበት እናያለን፤ ከዚያ የሚወጣው ብረት በዓመቱ በጎመናችሁ ሥር ይገኛል። የሶላር መብራት ትልቁ ባትሪ ደግሞ ውስጡ እርሳስ ነው፤ ሲሞት በቤት አይሰበር፤ ለሚገዛ ሰው ሳይከፈት ይሰጥ።

መሬታችሁን የምትጠራጠሩ ከሆነ አስመርምሩ። ከማሳው አምስት ስፍራ መርጣችሁ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ከየጉድጓዱ አንዳንድ እፍኝ አፈር ወስዳችሁ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቁ። የቆርቆሮ ባልዲ አይሆንም፤ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ምርመራውን ያሳስታል። አፈሩን በጥላ አድርቁት፤ አንድ ኪሎ ያህል በንጹሕ ከረጢት አስገቡና ስማችሁን፣ የማሳውን ስፍራና የምታጠጡበትን ወንዝ ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ስጡት። ስትሰጡትም አሲዳማነቱ ብቻ ሳይሆን ከባድ ብረታ ብረቱም እንዲታይላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚደረጉ ምርመራዎች ናቸውና።