የፍሬን ዘይትና የቁልቁለት መንገድ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ገዘር ከጂንካ በላይ በአሪ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው ቀድሞ ባኮ ገዘር በሚል የወረዳ ስም ይታወቅ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጂንካ የሚወርድ መኪና የፍሬኑን ሥራ በመንገዱ ይጀምራል፤ ትልቁ ፈተና ግን የሚጠብቀው ከጂንካ ወዲያ ነው። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ወደ ማጎ የሚጓዝ መኪና እንግዲህ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ አለበት ማለት ነው።

ይህ ቁልቁለት በሒሳብ ሲተመን ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሰውና ጓዝ ጭኖ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ላንድክሩዘር ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ 70 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ሙቀት አንሥቶ እስከ መፍላት ለማድረስ ይበቃል። ሦስት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ነጂው ዝቅተኛ ማርሽ ካስገባ የጉልበቱን ብዙውን ክፍል ሞተሩ ይይዝለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ባዶ ካደረገ ግን ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው፤ ከሸራውና ከዲስኩም አልፎ ወደ ፈሳሹ ይደርሳል።

የፍሬን ፈሳሽ ሥራውን የሚሠራው ስለማይታመቅ ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ሳይጎድል እስከ ጎማው ይደርሳል። ፈሳሹ ከፈላ ግን በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ስፖንጅ የሚታመቅ ነው። ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናውም አይቆምም። በከፍታ ቦታ ፈሳሽ ሁሉ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደሚፈላም መዘንጋት አይገባም፤ በጂንካ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የዚህ ብልሽት ክፉ ጠባይ ምስክሩን ይዞ መጥፋቱ ነው። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። ከሞት የተረፈው ነጂ ወደ ባለሙያ ሄዶ ሲናገር፣ ባለሙያው ረግጦ አይቶ «ፍሬኑ ደኅና ነው» ይለዋል። ከሁለቱ የዋሸ የለም። የፈሳሹን ዕድሜ የጠየቀ ግን አልተገኘም።

ከዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማንሣት ያሻል። «የፍሬን ዘይት» የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። ዛሬ በብዙዎቹ መኪናዎች የሚሠራበት ፈሳሽ ዘይት አይደለም፤ ከግላይኮል የተቀመመ ኬሚካል ነው። ስሙን አምኖ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው፣ ባለሙያው ጎሚኒ የሚላቸውን ትንንሽ ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። ያበጠ ጎማ ፒስተኑን ይይዛል፤ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀርና ይነዳል። ያን ጊዜ መስመሩን ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ዘይት የነካው ጎማ ሁሉ መለወጥ አለበት። ስሙ እውነት የነበረበት ዘመን እንዳለ መጥቀስም ተገቢ ነው። ቀደምቶቹ የፍሬን ፈሳሾች ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል የተቀመሙ ነበሩ፤ ሶቪየት ኅብረትም በዚህ ዓይነቱ ለረጅም ዘመን ሠርታበታለች። ይሁንና ከ120 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ለእንደዚህ ያለ ቁልቁለት የሚመች አልነበረም።

በቆርቆሮው ላይ «ዶት» ተብሎ የሚጻፈው የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስም ምኅጻር ነው። ደረጃው ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ያዛል። ግላይኮል ግን ውኃ ይጠጣል። ከአየሩ ያለውን እርጥበት በማጠራቀሚያው ክዳንና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ጥቂት በጥቂት ይስባል። ከመቶ 3.7 እጅ ያህል ውኃ ሲገባበት የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከእነዚህ ቁጥሮች የሚታየው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገዢው ከቁጥሩ ይልቅ ዕድሜውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለዶት 3 በተሠራ መኪና ዶት 4 መጨመር በአብዛኛው ይቻላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ውኃውንም ስለማይጠጣ ውኃው በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ተጠራቅሞ እዚያው ይፈላል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ዶት 5.1 ስሙ ይቅረብ እንጂ ከግላይኮል ወገን ነው።

ውኃ የመጠጣቱ ጠባይ በመደብርም ይከተለዋል። ከተከፈተ ቆርቆሮ እየተቀዳ፣ አልፎ ተርፎም በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውኃ መያዣ ተሞልቶ የሚሸጥ ፈሳሽ መቼ እንደተከፈተ ሻጩም አያውቅም። በውኃ መያዣ ማኖሩ ሌላም አደጋ አለው፤ ፈሳሹ መርዝ ነውና ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። እሽግ ትንሽ ቆርቆሮ ገዝቶ የተረፈውን መጣል ከሁሉ ይሻላል።

ከሙያው ሰዎች መካከል ባለ መኪና በገዛ ግቢው ፍሬን መንካት የለበትም የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ነው። ነገር ግን ጋራዥ በራቀበት አገር ይህ ክልከላ የሚያስከትለው ፈሳሹ ከነጭራሹ ሳይለወጥ መቅረቱን ነው። ሥራው ጥንቃቄ እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ የፔዳሉን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። እንደ ስፖንጅ የሚላላ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ጠንካራ ሆኖ ዝቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የታምቡሩ ሸራ መስተካከል ወይም መለወጥ ነው የሚፈልገው። ፈሳሹ በየጊዜው ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስበት ቦታ ሳይገኝ ሥራው አይጀመርም። ከዚያም መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ በክሪክ ብቻ የተደገፈ መኪና ሥር መግባት አይገባም።

መሪው በግራ በሆነ መኪና በተለመደው ደንብ ከማስተር ሲሊንደሩ እጅግ ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ይጀመራል፤ ቀጥሎ ግራ የኋላ፣ ከዚያ ቀኝ የፊት፣ በመጨረሻ ግራ የፊት ይሆናል። መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ መኪናዎች ሌላ ቅደም ተከተል ስላላቸው የመኪናው መጽሐፍ ካለ እርሱ ይቅደም። ጭነት እየለካ የኋላውን ግፊት የሚያከፋፍል ቫልቭ የራሱ ማስወጫ ሊኖረው ስለሚችል ይፈለግ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ደግሞ አንዳንዴ ያለ ልዩ መሣሪያ አየሩ ጨርሶ አይወጣለትም፤ ያ ለጋራዥ ይተው።

ከማስወጫው ቡሎን ላይ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ከዚህ በኋላ የሁለት ሰው መግባባት ነው። ከሥር ያለው «ርገጥ» ሲል ሌላው ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ ቡሎኑ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ እግሩን አያነሣም። ረጋጩ ጎረቤት ሽማግሌ ከሆኑ «ይርገጡ ጋሼ» ማለት ይገባል፤ ዋናው ግን «ይልቀቁ» ሳይባሉ አለመልቀቃቸው ነው። ከመዘጋቱ በፊት እግር ከተነሣ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ ጎሚኒውን በዛገው የሲሊንደር ክፍል ላይ ጎትቶ ሊቀደው ስለሚችል፣ ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ማጠራቀሚያው ፈጽሞ እንዳይደርቅ በየጥቂቱ ይሞላ፤ ከደረቀ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

አረፋው መቆሙ ብቻ ሥራው አለቀ አያሰኝም። የጠቆረው ፈሳሽ አልቆ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ መቀጠል አለበት፤ በጠርሙሱ የተቀበሉት አሮጌ ፈሳሽም ተጣርቶ አይመለስም። በቀለም ላይ የፈሰሰ ካለ ወዲያው በውኃ ይታጠባል። ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ማስተር ሲሊንደሩ ወይም መስመሩ ያፈሳል፤ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ደኅና ከሆነ በሜዳ ላይ በዝግታ ተነድቶ ይፈተናል። የተለወጠበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ቢለጠፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፈኑን የሚከፍት ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ያነበዋል።