የደስታ ስብሰባና የመርዶ ስብሰባ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዛሬው ዕለት ስለ ልደት በዓል ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። የምንናገረውም ከመጽሐፍ ያገኘነውን ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ነው።

በገጠር ልደት አይከበርም ማለት ልክ አይደለም። የጌታችንን ልደት በገና፣ የእመቤታችንንም ልደት ግንቦት 1 ቀን ከደጅ ወጥተን፣ ንፍሮ ቀቅለን እናከብራለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደትም ሐምሌ 16 ቀን በዘመነ መንግሥታቸው በያመቱ ይከበር ነበር፤ 80ኛ ዓመታቸውም በ1964 ዓ.ም. ተከብሯል። ባላገር ግን የቅዱሱን ስም ይዞ ይዘክራል እንጂ የራሱን ዓመት ቈጥሮ ድግስ አይደግስም።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ሻማና ኬክ አይተን ስላደግን፣ አያታችን ይህ የቀረባቸው መሰለንና አዘንን። እርሳቸው የሚኖሩት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከማንኩሳ አውራ ጎዳና ወርዶ በእግር በሚደረስበት መንደር ነው። ስለዚህ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ተመካክረን 80ኛ ዓመታቸውን ሳያውቁት በድንገት ልናከብርላቸው ቈረጥን።

የመጀመሪያው ችግር ቀኑን ማወቅ ነበር። አያታችን የሚያውቁት «በዘመነ ሉቃስ፣ በአስተርእዮ ማርያም» መወለዳቸውን ብቻ ነው። ቀኑ ጥር 21 መሆኑ ታወቀ። ዘመነ ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ 1931ም፣ 1935ም፣ 1939ም ሉቃስ ነው። በመጨረሻ ታላቅ እኅታቸው፣ «እርሷ የተወለደችው ጣሊያን ቡሬን ለቆ ብዙ ሳይቈይ ነው» አሉን። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀው በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር ስለ ሆነ፣ የልደታቸው ዓመት 1935 መሆኑን ደረስንበት። በታሪክ ትምህርት የተማርነው ነገር ከቤታችን ደጅ ሲደርስ ያን ጊዜ አየን።

ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ዋለ። ዘመድ ሁሉ ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከባሕር ዳር መጣ። ሾፌር የሆነው የመጨረሻ ልጃቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ቈይቶ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ኬኩን ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ አምጥተን፣ የቀረውን መንገድ እየተቀባበልን በእጃችን ተሸከምነው። እንግዶቹን በጎረቤት ቤት ደብቀን ድምፅ እንዳያሰሙ አስጠነቀቅን። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ፣ «ልጆች፣ ይህ ነገር ያስደነግጣል» ብለውን ነበር። እኛ ግን የተማርን መስሎን አልሰማናቸውም።

አያታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በጎረቤት ግቢ የታሰሩትን በቅሎዎች አዩ። ወዲያው ዘመድ ሁሉ ዝም ብሎ ከበር ወጣ። እርሳቸውም ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑና የመጨረሻ ልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ «መቼ ሞተ? ማን ቀበረው?» እያሉ ይጮኹ ጀመር።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘመድ ለባለ ሐዘኑ ሳይነገረው በጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፤ በአንድነት ዝም ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይረዳል። እኛም ሳናውቅ ያደረግነው ይህንኑ ነው። «እንኳን አደረሰዎ!» ብንልም የሚሰማን አልነበረም። ልጃቸው ከቤት ውስጥ ሮጦ ወጥቶ እግራቸው ላይ ሲወድቅ እንኳ ፊቱን በእጃቸው ዳሰው ዳሰው እስኪያረጋግጡ ድረስ አላመኑም። ከመካከላችን ያላለቀሰ አልነበረም።

ብዙ ቈይተው ውኃ ከጠጡ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ሰው ተሰብስቦ ዝም የሚለው ለመርዶ ነው። ለደስታ ከመጣችሁ ከሩቅ እልል እያላችሁ ግቡ። ደግሞስ አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ጠላ እጠምቅላችሁ አልነበረም? በቤቴ እንግዳ መሆኔ ነውን?» እኛም ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ ለመንናቸው፤ እርሳቸውም ስቀው መረቁን።

ከዚህ በኋላ በዓሉ እንደ ደንቡ ሆነ። ቄሱ ባርከው፣ እልልታው ቀለጠ። ኬኩን አያታችን ራሳቸው ቈርሰው ለጎረቤት ልጆች ሳይቀር አደሉ። ሻማውን እፍ እንዲሉ ስንጠይቃቸው ግን፣ «በማርያም ዕለት መብራት አላጠፋም» ስላሉ፣ ሻማው እስኪያልቅ ድረስ በራ።

ውድ ጓደኞቻችን! ከሩቅ አገር መልካም ልማድ መቀበል ነውር አይደለም። ነገር ግን የምንሰጠው ስጦታ በተቀባዩ ዓይን ምን እንደሚመስል አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ትምህርት የሽማግሌን ምክር የሚያስንቅ ከሆነ ገና አልተማርንም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እንላለን። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የብዙዎቹ አያቶቻችን ዕድሜ ግን የተጻፈው በልባቸው ብቻ ነው። በዚህ ዕረፍት ወደየመንደራችን ስንሄድ ወንጌላዊውን፣ የቅዱሱን ዕለትና በዚያ ዘመን የሆነውን ነገር ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። በዓል ልናደርግላቸው ስንፈልግም አስቀድመን እንንገራቸው፤ ጠላውን ይጥመቁልን።