ስለ ጥናታዊ ጽሑፍ መደምደሚያ



ብዙዎቻችን መደምደሚያ ስንጽፍ የመግቢያውን ቃል እንደግማለን፤ አለዚያም «ሰፊ ጥናት ያስፈልጋል» ብለን እንሰናበታለን። አንባቢው ግን ማወቅ የሚሻው ማስረጃው እስከ የት እንደሚያደርስ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚህ ተነሥቶ «እንዶድ ቢልሃርዚያን ያጠፋል» ብሎ መደምደም ምንኛ ያጓጓል! ትዝብቱ የሚፈቅደው ግን «እንዶድ ቀንድ አውጣን ሳይገድል አይቀርም» ማለትን ብቻ ነው፤ እርሳቸውም ወደ ሙከራ ዞሩ። ከቀንድ አውጣው ሞት እስከ በሽተኛው መዳን ረጅም መንገድ አለ። ጊዜ ያጠረው የጤና ሹም ደግሞ (ይህን ሁላችንም እናውቃለን) የሚያነበው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፤ በዚያው ገንዘብ ይመድባል።

ስለዚህ በቅድሚያ የደረሳችሁበትን ብያኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። ያልደረሳችሁበትንም በስሙ ጥሩት፤ በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን ያህል መጠን እንዳልተፈተነ።